ሦስተኛው ገንዳ

ባሕር ዳር ወድቆ የተገኘን ሰው «ባሕር ገደለው» ብላችሁ ለመፈረም ስንት ደቂቃ ይበቃችኋል? ለፖሊስ አዛዡ አሥር ደቂቃ በቅቶታል። የባሕር ትል የሚያጠናው ወጣት ተመራማሪ አሸዋው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። «ናሙና ሲሰበስብ ሰጠመ» ተብሎ ተጻፈ፤ አለቀ።

ለታላቅ እህቱ ግን አላለቀም። እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። የፖሊስ ጣቢያውን መርማሪ ደጅ ጠብቃ እጇን ያዘቻት።

«ወንድሜ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ አያውቅም። እንዴት እንደሞተ ብቻ ንገሪኝ።»

መርማሪዋ ቃል ገባች። በኋላ ያንገበገባት ይኸው ቃል ነው።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከሟቹ የአየር ቧንቧ አንድ ቀጭን ቀይ ትል አውጥቶ፣ ሟቹ ይሠራበት ወደነበረው ቤተ ሙከራ ልኮ ነበር። የቤተ ሙከራው ዳይሬክተር በማይክሮስኮፕ አይቶ የዚሁ ዳርቻ ትል መሆኑን መሰከረ።

«ሠላሳ ዓመት ትል ሳይ ኖሬአለሁ፣ ልጄ። ዓይኔ አይስትም» አላት መርማሪዋን።

«ትሉ የት አለ?»

«ፎርማሊን ውስጥ። እንዳይበሰብስ።»

የቤተ ሙከራው ጀልባ ነጂ ከሟቹ ጋር ሲነታረክ መኖሩን አልደበቀም። ናሙና ከምታዘጋጀው ቴክኒሻን ጋር ሦስት ቀን ደሴት ላይ ሰንብተው፣ ሬሳውን ያገኙት ጠዋት ሲመለሱ ነበር።

«ጀልባዬን ጭቃ በጭቃ ያደርግብኝ ነበር» አለ። «በጭቃ ሰው ቢገደል ኖሮ እኔ ስንቱን በጨረስኩ፣ እህቴ።»

መርማሪዋ የቤተ ሙከራውን መደርደሪያ ስታይ ቆየች። ከየጠርሙሱ ጎን አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ታስራ ተንጠልጥላለች። ምን እንደሆነች ጠየቀች።

«የትሉ ጭራ ያለባት ናት» አለች ቴክኒሻኗ። «ፎርማሊን ዲኤንኤ ያበላሻል። ስለዚህ ሌላውን ከመንከሬ በፊት ጭራውን ቆርጬ አልኮል ውስጥ አኖራለሁ። ዳይሬክተሩ ነው ያስለመደኝ፤ ይህን የዘነጋ ተማሪ ይባረራል።»

«ሐኪሙ የላከውንም ቆርጠሻል?»

«ዳይሬክተሩ ሙሉውን ንከሪው ብሎኝ ነበር፤ እጄ ግን ለምዷል» አለች ቴክኒሻኗ። ማቀዝቀዣውን ከፈተች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም በቤተ ሙከራው፣ ትሎቹ በሕይወት በሚቀመጡበት የገንዳዎች ክፍል ተሰበሰቡ፤ አዛዡም መጣ።

«ከሟቹ የወጣው ትልና የዳርቻችን ትል ለዓይን መንታ ናቸው» አለች መርማሪዋ። «ባርኮዳቸው፣ ማለትም ዝርያ ለመለየት ከዲኤንኤያቸው የሚነበበው አጭር ቁራጭ፣ ለየቅል ነው። ከሟቹ የወጣው የዳርቻችን ትል አይደለም። ከሩቅ ቀዝቃዛ ባሕር ለጥናት የመጣ ነው፤ ያለውም እዚህ፣ ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ ብቻ። ልጁ የሰጠመው እዚህ ነው። የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ከቴክኒሻኗ ጋር ደሴት ነበር፤ ሌላው እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው፣ ዶክተር።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን ወለወለ።

«በስምዎ የተመዘገበው አዲስ የትል ዝርያ፣ ባርኮዱ ሲነበብ ድሮ የሚታወቅ ትል ሆኖ ተገኘ። ሟቹ ሊያሳትመው ነበር፤ ጽሑፉ እጄ ላይ ነው። ዓይን ይስታል፣ እሺ። ጭራ ሳይቆርጥ የነከረን ተማሪ የሚያባርሩ ሰው፣ ይህ ትል ብቻ ሙሉውን ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ ለምን አዘዙ?»

ዳይሬክተሩ ወደ አዛዡ ዞረ። አዛዡ መዝገቡን ከመርማሪዋ እጅ ወስዶ ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«በትል ምስክርነት ሰው አይከሰስም። ከላይ ተደውሏል፤ ተዘግቷል።»

በማግስቱ ሦስተኛው ገንዳ ደርቆ፣ ማቀዝቀዣው ባዶ ሆኖ ተገኘ። መርማሪዋ አቤት ያላለችበት ቢሮ የለም፤ የሰማት ግን አልነበረም። ለእህትየው ያላትን ሁሉ ነገረቻት። ያላት ወሬ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ የሟቹ መታሰቢያ ተደረገ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዳይሬክተሩ ስለ «ውድ ተማሪዬ» እየተናገረ ድምፁ ተቆራረጠ። መርማሪዋ ከኋላ ወንበር ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የሚሠሩት ነገር አልነበራቸውም።

እህትየው ከመሃል ተነሳች።

«ዶክተር፣ እንባውን ይተዉት። ይኸው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ እዚሁ ቆመው ይመልሱልኝ። ያን ትል ብቻ ጭራው ሳይቆረጥ ለምን ፎርማሊን ውስጥ አስከተቱት?»