ውሃ ሳይደፋበት የቀረው ፓይለት

በቴክሳስ ሜዳ ላይ ባለው የአየር ኃይል ሰፈር፣ በኮሎኔል ሮላንድ ፔቲት ትዳር የማይቀና አልነበረም። ወጣትነቱን በጦር ጭነት አውሮፕላን መሪ ላይ የጨረሰ፣ ከሰማይ ሲወርድ ግን ሽርጥ አስሮ ለሚስቱ ለግሌንዳ ሥጋ የሚጠብስ፣ ለልጁ ለዶሪን ፀጉር የሚጎነጉን ሰው ነበር። ጡረታ ሊወጣ የቀረው አንድ በረራ ብቻ ነበር። አንድ! ከስንት ጦርነት በደኅና የመለሰችው ዕድል በመጨረሻዋ ሰዓት ምን አየችበት?

ነገሩ የጀመረው በሐሙስ ነው። ሮላንድ ሐሙስ ሐሙስ መለዮውን አውልቆ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ «ስብሰባ አለብኝ» እያለ መውጣት ጀመረ። ግሌንዳ ቢሮው ብትደውል ስብሰባ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ሌላ ሆነ። ሲስቅ በምን ሳቀ? ዝም ሲል ማንን አሰበ? አልጋ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲያቃስት… የሌላ ሴት ናፍቆት መሰላት!

ጎረቤቷ ሎሬታ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነበረች።

«ስሚ አንቺ ሞኝ፣ ጡረታ የደረሰ ፓይለት ወይ ጀልባ ይገዛል፣ ወይ ውሽማ ይይዛል። ጓሮሽ ውስጥ ጀልባ አለ?»

«ሮላንድ እንደዛ ዓይነት ሰው አይደለም።»

«የኔውም አልነበረም» አለች ሎሬታ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ግሌንዳ የሎሬታን መኪና ተውሳ ተከተለችው። ሩቅ ከተማ ድረስ ነዳ። ከአንድ ነጭ ቤት ጀርባ አቁሞ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ የጓሮውን በር አንኳኳ። አንዲት ሽበት ጣል ያደረገባት ሴት ከፈተች፤ ክንዱን ይዛ ቀስ አድርጋ አስገባችው። ግሌንዳ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ወርዳ ብታንኳኳ ምን ነበረበት? እሷ ግን ነገሩን በሆዷ ይዛ ተመለሰች።

በዚያ ሰፈር ፓይለት የመጨረሻ በረራውን ጨርሶ ሲወርድ፣ ሚስቱና ልጆቹ አውሮፕላኑ ሥር ጠብቀው ውሃ ይደፉበታል። ዶሪን ለዚህ ቀን ቀይ ባልዲ አዘጋጅታ ነበር። የመጨረሻው በረራ ዕለት ጠዋት ሮላንድ በሩ ላይ ቆመና፣ «ትመጫለሽ አይደል፣ የኔ ፍቅር?» አላት።

«ሐሙስ ሐሙስ የምታያት ሴት ትድፋብህ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ማታ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ዛሬን ብቻ ታገሺኝ» አለ።

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። ዶሪን ባልዲዋን አቅፋ ብታለቅስም፣ ከቤት ንቅንቅ እንዳትል ከለከለቻት።

አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። ያሳረፈው ግን ረዳቱ ነበር፤ መሪ ለማንም የማይለቀው ሮላንድ አየር ላይ ሳሉ፣ «አንተ አሳርፋት፣ ደክሞኛል» ብሎት ነበር። ወርዶ ሕዝቡን በዓይኑ ፈለገ። ጓደኞቹ ቱቦ ይዘው ቢከቡት፣ «ቆይ፣ ቤተሰቤ ይምጣ» አለ። ጠበቀ… ጠበቀ። ከዚያ ደረቱን ያዘ፤ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጠብታ ውሃ ሳያርፍበት፣ እዚያው ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ሕይወቱ አለፈች።

ቀብሩ ላይ ያቺ ሽበታም ሴት መጣች። ግሌንዳ ደሟ ፈላ፤ «ጭራሽ እዚህም መጣሽ?» ብላ ጮኸችባት።

«የልብ ሐኪሙ ነኝ፣ ወይዘሮ ፔቲት» አለች ሴትዮዋ በለሆሳስ። «የአየር ኃይሉ ሐኪም ካወቀ ከበረራ ያግዱኛል ብሎ፣ በጓሮ በር እየተደበቀ ይመጣ ነበር። ለባለቤትህ ንገራት ብዬ ለመንኩት። ‹ግሌንዳ ስለምትወደኝ ዝም አትልም፤ በነጋታው ታሳግደኛለች› አለኝ።»

«አሳግደው ነበር!» አለች ግሌንዳ፣ አፈሩ ላይ እየወደቀች። «ወይኔ! አሳግደው ነበር… በሕይወት ይኖርልኝ ነበር!»

ሰው ሁሉ ሲሄድ ዶሪን ቀዩን ባልዲ ሞልታ መጣች። እናትና ልጅ አንድ ላይ ይዘው ውሃውን መቃብሩ ላይ ደፉት።

«እንኳን በደኅና ገባህ፣ አባዬ» አለች ልጅቷ።

ዕድል ጨካኝ ናት እንላለን። ያን ቀን ጠዋት በሩን የዘጋችው ግን ዕድል ነበረች?