ዶሮ የለበትም

«የለበትም አይደል? በናትሽ ቶሎ ንገሪኝ!»

ቀጮ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። የምታለቅሰው ሳቂታ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ጓደኛዋ። ሳቂታ ስታለቅስ ሰምታት አታውቅም። ውሻዋ ዱባ ምሳውን በልቶ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ማለት ጀምሯል። አሁን የእንስሳት ሐኪሙ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል።

«የበላው የእናንተን ምግብ ብቻ ነው። ሐኪሙ ዶሮ በልቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከረጢቱ ላይ ዶሮ የለበትም ይላል አልኩት። የለበትም አይደል?»

«የ... የለበትም» አለች ቀጮ።

አፈትልኮ ነው የወጣው። ልመልሰው ብትል ስልኩ ተዘግቷል።

እናቷ የምትሠራው የውሻ ምግብ ነው። ጓሮ ባለችው ክፍል ሥጋው ይፈጫል፣ ከሩዝና ከካሮት ጋር ይበስላል፣ ይደርቅና በየኪሎው ይታሸጋል። ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ የምታዘጋጀው ግን ቀጮ ናት። «የበሬ ሥጋ ብቻ፤ ዶሮ የለበትም» የሚለውም የእሷው ሐሳብ ነው። ዱባ ዶሮ ከቀመሰ ሰውነቱ እንደሚቆጣ ስለምታውቅ ለእሱ ብላ ነበር ያወጣችው። ገዢው ሁሉ ወደደው፤ እሷም «ማርኬቲንግ ማለት እኔ ነኝ!» እያለች ስትጎርር ከረመች።

ጉዱ ያለው አሠራራቸው ላይ ነው። ቀጮ እሁድ እሁድ በሳምንቱ ከረጢት ሁሉ ላይ ገና ባዶ ሳለ ጽሑፉን ትለጥፋለች፤ ምን እንደሚገባበት የሚለየው ግን ማክሰኞ ነው። በዚህኛው ማክሰኞ ልኳንዳው የበሬ ሥጋ አልቋል አለ። እናቷ ዶሮ ገዝታ መጣችና ፈጨችው።

«እማዬ፣ ከረጢቱ እኮ...»

«አንቺ ደግሞ! ውሻ ማንበብ ጀመረ እንዴ? ለዚህ ሳምንት ብቻ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። አዎ፣ ቀጮም ከልቧ ስቃለች። ዱባ ትዝ ሳይላት ቀርቶም አይደለም፤ ሳቂታ ባለፈው የገዛችው ገና አያልቅባትም ብላ ራሷን አታልላ ነበር።

ስልኳ ጢው አለ። መልእክት ነው። «ሐኪሙ ዶሮ ካልሆነ መርዝ ነው አለ። በመድኃኒት እንዲያስታውክ ሊያደርገው ነው። ግን ጉሮሮው ስላበጠ ሊታፈን ይችላል አለኝ። ፈራሁ።»

ቀጮ ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። ጫማዋን እንደነገሩ አጥልቃ ስትወጣ እናቷን በር ላይ አገኘቻት።

«ወዴት ነው እንደዚህ የምትከንፊው?»

«ዱባ ሊሞት ነው! ዶሮው ነው እማዬ። ሐኪሙ መርዝ መስሎታል።»

የእናቷ ፊት አመድ መሰለ። ክንዷን ለቀም አደረገቻት። «ቆይ! ቆይ እስቲ የኔ ልጅ። ሰው ፊት እንዲህ ብለሽ ብታወሪ ነገ መጥተው ቤቱን ያሽጉታል። ከዚያ በምን እንኖራለን? ቆይ፣ ምን እንደምንል ላስብ።»

ቀጮ እናቷን ትፈራታለች። እናቷ ስትፈራ ማየት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ግን እናቷ አስባ እስክትጨርስ ዱባ አይጠብቅም። ክንዷን አስለቅቃ እግሬ አውጪኝ አለች። ሦስት መንገድ ተሻገረች፤ አንድ ባለታክሲ ሰደባት፤ የሐኪሙን በር ገፍታ ገባች።

ሐኪሙ የማስታወኪያውን መድኃኒት በመርፌ ቀድቶ ይዟል።

«ዶሮ ነው!» አለች ቀጮ። «ከረጢቱ ውሸት ነው። ውስጡ ያለው ዶሮ ነው!»

ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ መርፌውን አስቀምጦ የአለርጂ መድኃኒት ቀዳና ዱባን ወጋው። ሳቂታ ግን ቀና ብላ አየቻት። «አሁን ስጠይቅሽ የለበትም አላልሽኝም?»

«ዋሸሁሽ። ፈርቼ ነው።»

ሳቂታ ፊቷን አዙራ የዱባን እግር ያዘች። «ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች ቀጮ በሆዷ። ግማሽ ሰዓት ያህል ግድግዳው ሥር ቆማ የውሻውን ትንፋሽ ስትቆጥር ቆየች። ቀስ እያለ ሲር ሲሩ ቀነሰ፤ አንደኛው ዓይኑ ተከፈተ።

«ይተርፋል» አለ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ። «ይህን ምግብ ሌላ ማን ገዝቷል? ሰውነቱ በዶሮ የሚቆጣው ውሻ ዱባ ብቻ አይደለም።»

ቀጮ ደነገጠች። እንደ ዱባ ያሉ ስንት ውሾች ዛሬ ከዚያ ከረጢት በልተው ይሆን? ሳታስብበት ቆይታለች። ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ፤ እናቷ ናት።

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ። ዱባ ተርፏል። እማዬ፣ የዚህን ሳምንት የገዙትን ሰዎች ስልክ ንገሪኝ። ልደውልላቸው ነው።»

ቀጮ ስልኩ የተዘጋ መስሏት አየት አደረገችው። አልተዘጋም።

«እማዬ፣ ባትነግሪኝም በየቤታቸው እየሄድኩ አንኳኳለሁ።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «እስክሪብቶ ይዘሻል?» አለቻት።