አባባ ታመው ተኝተዋል

ገና ሃያ ስምንት ዓመቷ ቢሆንም ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት በቤቷ የምትጠብቃቸው ሰባት ሕፃናት ናቸው። ወላጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ ጠዋት አምጥተው ይተዉላታል፣ ከሥራ ሲመለሱ ይወስዷቸዋል።

ቤቱ የአባቷ ነው። አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ሱቃቸውን ሲዘጉ የስፌት መኪናቸውን፣ መቀሳቸውን፣ ካውያቸውን፣ አንድ ጆንያ አዝራራቸውን ሳይቀር ጠቅልለው ቀን ቀን ጋደም ወደሚሉበት ጓዳ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ስፒልና መርፌ ከየስንጥቁ ብቅ ይላል። እትዬ ወለል ለወለል እየዳኸች ስትለቅም ትውላለች።

«እዚህ ቤት ከሁሉም በላይ የምድኸው እኔ ነኝ» ትላለች ለጓደኞቿ።

የሕፃናት ማቆያ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የመጣው ከሰባት ወር በፊት ነበር። ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ፣ ሠላሳን ገና የነካ ሰው ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ አውራ ጣቱ ከካልሲው አጮልቆ ወጣ። አየችው። ማየቷንም አየ።

ከዚያ ተንበርክኮ በባትሪ አልጋ ሥር ማየት ጀመረ። ሕፃናቱም አጠገቡ በሆዳቸው ተኝተው አብረውት አዩ። በዚያው ስሙ «ጋሼ ባትሪ» ሆኖ ቀረ።

«ይህ ሶኬት ክዳን የለውም። ቁም ሣጥኑም ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ ልጅ ቢንጠላጠልበት ይወድቃል። በረኪናው ደግሞ እጃቸው ከማይደርስበት ይቀመጥ።»

«እሺ።»

«ጓዳው ግን ከሁሉም ያሰጋኛል። ወይ ዕቃው ይውጣ፣ ወይ በሩ ላይ ከፍ ያለ መቀርቀሪያ ይደረግ።»

ቃሉ ትእዛዝ ነው፤ ድምፁ ግን የሚለማመጥ ሰው ድምፅ ነበር። ሊወጣ ሲል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ «ለመሆኑ እርስዎስ አይደክምዎትም?» አላት። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሳቀች።

ሁለተኛ መጣ። የጓዳው ነገር ሲቀር ሌላው ተሟልቶ ነበር። እሷም፣ ለወለል ፍተሻ ማን ይለብሰዋል የሚባል ቀሚስ ለብሳ ነበር። ጓዳውን እስከሚቀጥለው ጊዜ እንደምታስተካክል ቃል ገባችለት።

ለአባቷ ስትነግራቸው ግን ከፋቸው። «ዕቃዬን የት ልውሰደው? ሲቀጥል እኔንስ የት ልታደርጊኝ ነው?» አሏት። ከዚያ በኋላ አፏን ያዘች። መቀርቀሪያውንም ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ ደረሰ።

ለፈቃድ እድሳቱ የመጨረሻ ፍተሻ ነበር። አባቷ ገና በጠዋት ወዳጃቸው ፀጉር ቤት ሊጫወቱ ሄደዋል። እትዬ ኩሽናውን ለማሳመር ብላ በረኪናውን፣ ገመዱ የተላጠውን የውሃ ማፍያና ልጆች ከደረጃው እንዳይወድቁ የሚከልለውን የተሰበረ አጥር ጓዳ ወርውራ በሩን ዘጋችው።

ተቆጣጣሪው ክፍሎቹን አንድ በአንድ አይቶ ጨረሰ። በመጨረሻ የጓዳውን እጀታ ያዘ።

«አባባ ታመው ተኝተዋል» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ግን ቀጠለችበት። «ሲያቃስቱ ነው ያደሩት። አሁን ገና ሸለብ አደረጋቸው።»

እጁን ከእጀታው ላይ ሳያነሳ ረጅም ጊዜ አያት። ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ዓይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች።

«ይማራቸው» አለና እጁን አነሳ። ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ፤ ፈረመ። «አልፈዋል።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሱም ወትሮ ሲሰናበት ፈገግ ይል የነበረው ያን ዕለት ሳይስቅ ወጣ።

በማግስቱ ልጆቹ ከምሳ በኋላ እንደተኙ የውጭው በር ተንኳኳ። የከፈቱት አባቷ ናቸው። ተቆጣጣሪው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቆሟል።

«እንደምን ዋሉ አባባ፣ ተሻለዎት?»

«ምኑ ነው የሚሻለኝ?»

«ታመው ነበር ሲባል…»

«እኔ? እኔ እንኳን ልታመም ካስነጠስኩም ዓመት አልፎኛል!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ዞር ሲሉ የልጃቸውን ፊት አዩ። ሳቃቸው መሀል ላይ ቆመ።

እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ተቆጣጣሪው ፌስታሉን መሬት አስቀምጦ አልፏቸው ገባ። «ያንን በር ክፈቺው» አላት።

ሰባት ወር ሙሉ «እርስዎ» ሲላት ኖሯል። ስንት ጊዜ «አንቺ» ቢለኝ ብላ ተመኝታ ነበር። እንዲህ አድርጎ ግን አልነበረም።

በሩን መክፈት አላስፈለገም፤ ገርበብ ብሎ ነበር። ከሰባቱ ትንሿ፣ ሚጢጢ የሚሏት የሁለት ዓመት ልጅ፣ ከእንቅልፏ ተነስታ ገብታለች። ስፒሉ ዙሪያዋን ተበትኗል። የበረኪናውን ጠርሙስ በእግሮቿ መሀል አቁማ በሁለት እጇ ክዳኑን ትጠመዝዛለች። አንዱ ጉንጯ አብጧል።

እሱ እንዳያስደነግጣት ቀስ ብሎ ተንበረከከ። «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ አፍሽን አሳዪኝ። አ… በይ» አላት። በጣቱ አንድ አዝራር አወጣ። ከዚያ ሌላ። ጠርሙሱን ወሰደ። ሚጢጢ መጫወቻዋን ስለተቀማች አለቀሰች።

«ክፍቱን የተውኩት እኔ ነኝ» አሉ አባቷ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «መነጽሬን ልፈልግ ገብቼ…»

«እኔ ነኝ አባባ። እኔ ነኝ» አለች እትዬ።

ተቆጣጣሪው ልጅቷን አቅፎ ሰጣት። ዓይኗን አላያትም። «‹ሁሉንም ክፍል አይቻለሁ› ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለና ሄደ።

የዚያን ቀን ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እያንዳንዳቸውን በር ላይ አቁማ ሁሉንም ነገረቻቸው። አንዱ ጮኸባት። አንዷ ሰምታ ሳትጨርስ ልጇን አዝላ ሄደች። የሚጢጢ እናት ዳቦ ቤት የምትሠራ ናት፤ ከነሽርጧ ነበር የመጣችው። የልጇን አፍ፣ እጅ፣ ፀጉር ሳይቀር አገላብጣ አየች።

«ሥራ ላይ ሆኜ ስለ እሷ ተጨንቄ አላውቅም ነበር እኮ» አለች በዝግታ። «እትዬ ጋ ናት ብዬ።»

ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

በሳምንቱ ፈቃዷ ለሁለት ወር መታገዱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን ያመጣችው ሴትዮ ተቆጣጣሪው ራሱን በራሱ እንዳመለከተ፣ ከፍተሻ ሥራ ተነስቶ መዝገብ ቤት እንደገባ ነገረቻት። «ማንም ሳይጠይቀው እኮ ነው! ምን ነካው?» አለች በመገረም። እትዬ ደብዳቤውን ተቀብላ አንገቷን ደፋች።

ቤቱ ጭር አለ። ጎረቤት እንዳታገኝ ሦስት መንደር ተሻግራ ዳቦ መግዛት ጀመረች። አባቷ አንድ ጠዋት ሳይነግሯት ጋሪ ጠርተው የስፌት መኪናቸውንና ዕቃቸውን ሁሉ ወደ ፀጉር ቤቱ ጓሮ ወሰዱ። ሲመለሱ ባዶው ጓዳ በር ላይ ቆመው «ቀደም ብዬ ብሰማሽ ኖሮ አትዋሺም ነበር» አሉ። አቅፋቸው አለቀሰች።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደች። በፋይል መደርደሪያዎች መሀል ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ተነሳ፤ ወንበሩ ወደቀ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች። «ለዚህ ያበቃሁዎት እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም።»

«ዋሸሁዎት እኮ።»

«መዋሸትሽን አውቄ ነበር።»

ቀና አለች።

«ስመጣ አባትሽን ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ። እያወቅሁ ነው ያለፍኩት። ፊትሽን ሳየው…» የወደቀውን ወንበር አነሳ። «እፊቴ እንድታፍሪ አልፈለግሁም። እዚያ ቤት ሰባት ልጆች ነበሩ፤ እኔ ያሰብኩት ላንቺ ፊት ነው። ብርቱካኑም ሰበብ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የመጣሁት።»

አንድ ፋይል ላይ ዓይኗን ተከለች። ከዚያ ሹክ ባለ ድምፅ «ደህና ይዋሉ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ እንባዋ አስቸገራት።

ሁለቱ ወር ሲያልቅ አዲስ ተቆጣጣሪ መጣች፤ በዕድሜ የገፋች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። የጓዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ሰባት ፍራሾች ተነጥፈዋል። ሴትዮዋ መሳቢያ ሳይቀር ከፈተች። የምንጣፍ ጠርዝ ተነስቶ አገኘች። እትዬ «እሱን አላየሁትም ነበር፤ አሁን እጠግነዋለሁ» አለች። እዚያው ቁጭ ብላ ሰፋችው። ፈቃዷ ተመለሰ።

ከሰባቱ አራት ልጆች ተመለሱ። ሚጢጢ የተመለሰችው ከሁሉም በኋላ ነው። እናቷ ክፍሎቹን ራሷ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠቻት፤ ለአንድ ሳምንትም በምሳ ሰዓቷ እየመጣች አየቻት። እትዬ በየቀኑ በሩን ትከፍትላት ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ተቆጣጣሪ የነበረውን ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየችው። አይሻገርም፣ አይሄድም። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች።

«ለምን አልገቡም?»

«‹አንተ› በይኝ እስቲ።»

«ለምን አልገባህም?» አለች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ከበዳት።

«የልጆች ማቆያን ከማይመለከት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ከእንግዲህ ቤትሽን ፈትሽ የሚለኝ የለም። ይህን ልነግርሽ መጣሁና እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

«እኔም እስካሁን ፊትህን ማየት ያሳፍረኛል» አለች።

«እኔንም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

መሬት መሬት እያየ «አብረን እንፈር» አላት።

ሳቋ አመለጣት። ከዚያን ቀን በፊት ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ትዝ አላላትም። እጁን ያዘችው፤ የሁለቱም እጅ አልቦት ነበር። እንደተያያዙ መንገዱን ተሻገሩ።