ሰባት ቁጥር ሳህን

ይህ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ መብራቱ ሁሉ ቦግ ባለበት ላቦራቶሪ ውስጥ።

ጨለማ አልነበረም። የሚያቃስት በርም አልነበረም። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ማን ያምነኛል? ግን ሆኗል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥራዬን ስትሰሙ ፊታችሁን ማጨማደዳችሁ አይቀርም። እኔ የማጠናው ንፍጥ ነው።

ታናሽ እህቴ ከሰው ስታስተዋውቀኝ፣ "ወንድሜ ነው፤ ተምሮ ተምሮ ንፍጥ ጠባቂ ሆነ" ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔም ለምጄዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጠባቂው ንፍጡ ራሱ ነው። ከአየር ጋር የሚገባውን አቧራና ጀርም አጣብቆ ይይዘዋል። ከሥሩ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ቀን ከሌት እየተወዛወዙ የተያዘውን ሁሉ ጠራርገው ያስወጡታል።

ካቆሙ... ጀርሙ ወደ ሳንባ ይወርዳል።

እኛ ከሰው አፍንጫ ውስጥ በትንሽ ብሩሽ ጥቂት ሕዋሳት እንወስድና የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል የፕላስቲክ ሳህን ላይ እናሳድጋቸዋለን። ከሳምንታት በኋላ ፀጉር ያወጣሉ፤ ንፍጥ ያመነጫሉ። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ንፍጡ ቀስ እያለ ይዞራል። "ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል፣ አፍንጫው እኛ ጋ ሥራ ገብቷል" እያልን እንቀልዳለን።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለን። የዘመድ ናሙና አይወሰድም።

እኔ ወሰድኩ።

የጤነኛ ሰው ናሙና አጥሮን ነበር። እህቴ ደግሞ ምሳ ልትጋብዘኝ መጣች። "ነይ እስቲ፣ አንድ ደቂቃ" አልኳት። ብሩሹን ሳወጣው "አንተ! አንጎሌን አወጣኸው እኮ!" ብላ ትከሻዬን መታችኝ።

ሳህኗ ሰባት ቁጥር ተባለች። የማን እንደሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከወር በኋላ፣ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በየሳህኑ አንዳንድ ጠብታ ባክቴሪያ ጨመርኩ። ሥራችን ነው፤ ንፍጡ እንዴት እንደሚከላከል እናያለን።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

"ወንድሜ... አፍንጫዬን አቃጠለኝ።"

"ጉንፋን ይሆናላ።"

"አይደለም። ቁጭ ባልኩበት ነው። የሆነ ነገር... ጠብ ያለብኝ መሰለኝ።"

ሳቅኩባት። ከሳቅኩ በኋላ ግን እጄ ላይ ያለውን የባክቴሪያ ማንጠባጠቢያ አየሁት።

ረቡዕ ሌሎቹ ሳህኖች በሙሉ ደህና ነበሩ። ሰባት ቁጥር ላይ ግን በግራ በኩል ፀጉሮቹ መወዛወዝ አቁመዋል። ከሰዓት በኋላ እህቴ ማሳል ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ገባች።

"አንደኛው ሳንባዋ ተይዟል" አለኝ ሐኪሙ።

"ግራው ነው?"

"ማን ነገረህ?"

ወደ ላቦራቶሪው በረርኩ። ሳህኗን አጠብኳት፣ መድኃኒት ጠብ አደረግኩባት፣ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክዬ ጠበቅኩ።

አንድ ፀጉር ነቃ አለ። ከዚያ ሌላው...

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። "ልጄ፣ አሁን ትንሽ ተንፈስ አለችልኝ!"

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የእህቴ ነፍስ ያለችው ሆስፒታል አልጋ ላይ አልነበረም። እጄ ላይ ነበረች።

ሌላም ጭንቀት ነበረብኝ። ሥራው ሲያልቅ ሳህኖቹ በረኪና ውስጥ ተነክረው ይጣላሉ። የዚያ ሳምንት ተራ ዓርብ ስድስት ሰዓት ነበር። ለአለቃችን እውነቱን ብናገር ሕጉን ስለጣስኩ እባረራለሁ። ሳህኗን ይዤ እንዳልወጣ፣ ሕዋሳቱ ከሚያድጉበት ማሞቂያ ውጪ አትቆይም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ቀድሜ ደርሼ ከሌሎቹ ለይቼ እደብቃታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ያቺ ዝምታዬ ዛሬም ታንቀኛለች።

ዓርብ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ በሩን ስከፍት የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። ሁሉን ነገር ቀድሞ ስለሚጨርስ ቸኩሌ ነው የምንለው።

"እህትህ ታማብሃለች ብዬ፣ ያንተንም ጨረስኩልህ" አለኝ ፈገግ ብሎ።

"ስንት ሰዓት... ስንት ሰዓት ላይ?"

"አምስት ከአሥር። ምነው? ፊትህ ምን ሆነ?"

በባዶ እጄ በረኪናውን ዳበስኩ። ሰባት ቁጥርን አወጣኋት። ነጭ ሆናለች። ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኳት።

ምንም አይንቀሳቀስም።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ። አላነሳሁም። እንደገና ጮኸ።

"ልጄ... ልጄ..." ታለቅሳለች።

"መቼ ነው?" አልኳት። ድምፄ የኔ አይመስልም።

"አሁን፣ አምስት ከአሥር ላይ... ብድግ ብላ ቁጭ አለች! ኦክስጅኑን በገዛ እጇ ነቀለችው! ድናለች ልጄ፣ ድናለች!"

ሐኪሙ ደጋግሞ አዳመጣት። "ሳንባዋ ንጹሕ ነው" አለ። "እንዲህ ንጹሕ ሰምቼ አላውቅም።" ይህን ሲል ግን አልሳቀም።

ሁለት ዓመት ሆነ።

እህቴ ጉንፋን ይዟት አያውቅም። ቤት ሲጠረግ እኔና እማዬ በማስነጠስ ስንፈነዳ፣ እሷ አቧራው መሃል ቆማ ታየናለች። አጎታችን ሲሞት ከሁላችንም በላይ ጮኻ አለቀሰች፤ ጉንጯ ግን ደረቅ ነበር። ስስማት አንዳንዴ በረኪና በረኪና ይለኛል። ልብስ አጥባ ነው እላለሁ።

እማዬ ተአምር ነው ትላለች። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እህቴ በሕይወት አለች? ወይስ እኔ ገድያታለሁ?

ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ ሦስታችንም መኪና ውስጥ ሆነን ዶፍ ዝናብ ያዘን። ዳር ይዤ አቆምኩ። እማዬ ከጎኔ፣ እህቴ ከኋላ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የኔም የእማዬም መስኮት በትንፋሻችን ጭጋግ ለበሰ።

በመሃል መስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ።

እህቴ ግንባሯን መስኮቷ ላይ አስደግፋ ስለ ሥራ ቦታዋ ትቀልዳለች። አፏ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ታወራለች፣ ትስቃለች...

የሷ መስኮት ግን ጥርት ያለ ነው። በዚያ በኩል የቆመውን ሱቅ፣ ጃንጥላ የያዘችውን ሴት፣ ሁሉንም አያለሁ።

ሳያት አየችኝ። ሳቋን አቆመች።

"ለእማዬ እንዳትነግራት" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"ምን አላችሁ?" አለች እማዬ ዞር ብላ።

"ምንም፣ እማዬ። መስኮቱ እኮ አላሳይ አለኝ" አለች እህቴ።

ከዚያም እጅጌዋን ሳብ አድርጋ፣ ጥርት ያለውን መስታወት ቀስ ብላ ትወለውለው ጀመር።