በርሜሉ ውስጥ የገባው ሳሙና

ኢርፋን የባትሪ ውሃ አፍልቶ በሚያጣራበት ማሽን ሥር ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሰው ማን ገደለው ብሎ ሳይጠይቅ ሠራተኛውን ሐዱሽን በጡጫና በእርግጫ ደም አልብሶ ጠበቀ። ትናንት ከኢርፋን ጋር ተጨቃጭቋላ! በቃ፣ ፍርድ አለቀ! ኢንስፔክተር ሚስጥር ባትደርስ ሬሳው ሁለት ይሆን ነበር።

ካቴና የገባለትን ሐዱሽን፣ የሟችን ታናሽ ወንድም ካሊድንና ጎረቤት ከቤቷ ጠርቶ ያመጣትን የሟችን ሚስት ሲሀምን ይዛ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባች። የተገደለበት መዶሻ ታጥቦ ተቀምጧል።

ሲሀም ሐዱሽ ፊት ላይ ተፋች። «ያጎረሰህን እጅ ነከስክ! አፈር ብላ!»

ሚስጥር የማሽኑን መስታወት እያየች ነበር። «ይሄ ሁሉ አረፋ ምንድን ነው?»

ሐዱሽ ያበጠ አፉን እንደምንም ከፈተ። «በርሜሉ ውስጥ ሳሙና ገብቷል! ማሽኑ የሚጠጣው ከዚያ ነው። አረፋው ጨዉን ይዞ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣና የተጣራውን ያበላሸዋል። እዚህ ሳሙና ነውር ነው።»

«ቧንቧው ዛሬ ደርቋል። ከበርሜሉ ማን ቀዳ?» አለች ሚስጥር።

«እኔ» አለ ካሊድ ፈጠን ብሎ። «በር ላይ ሆኜ ለዙህር ሶላት ታጥቤ ውዱእ አደረግሁ። ወደ ውስጥ አልዘለቅሁም።»

«እጅጌህን ሰብስብ።»

«ለምን?»

«ሰብስብ አልኩህ!»

እጁ እስከ አንጓው ንጹህ ነው። ከዚያ በላይ ነጭ ዱቄት ከደረቀ ደም ጋር ተለጥፎበታል።

«ስሙኝ» አለች ሚስጥር። «ሐዱሽ ሊያጸዳው የፈታው ቱቦ ያውና። ገዳዩ መጀመሪያ ስቶ ቱቦውን መታ፤ ውሃ ሲፈላ ብረት ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ተፈረካክሶ ግድግዳው ድረስ ተረጨ። ሁለተኛው ምት ኢርፋንን አገኘው። ከዚያ ደሙን በርሜሉ ውስጥ በሳሙና ታጠበ። ሐዱሽ ቢሞት እዚያ ሳሙና አያስገባም። ካሊድ፣ ውዱእ እስከ ክርን ነው፤ አንተ ከአንጓህ አላለፍክም። ደግሞስ ውዱእ በሳሙና ነው እንዴ?»

«የቧንቧ ውሃ የተጣራ ብዬ ስሸጥ ኢርፋን ደረሰብኝ!» ብሎ ካሊድ ጮኸ። «ለደንበኛ ሁሉ ሊናገር! ወንድሙ እኮ ነኝ!»

መዶሻውን ሊያነሳ ዘለለ። ሚስጥር ክንዱን ጠምዝዛ ከግድግዳው አላተመችው፤ አፍንጫው ተሰብሮ ደም በደም ሆነ። ካቴናው ከሐዱሽ ወልቆ ለእሱ ገባለት።

ሲሀም እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። «ሐዱሽዬ፣ በየት አፌ ይቅር በለኝ ልበልህ?»

«ዛሬ አልችልም፣ እትዬ» አለ ሐዱሽ። «ኢርፋንን ግን አብሬያችሁ እቀብራለሁ።»