ራዚያ ያልገባችው ቃል

መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ተሰማ። ጭጋጉ የሐይቁን ዳር ስለሸፈነው ታንኳው አይታይም፤ ራዚያ ግን የሙሀይሚንን አቀዛዘፍ ታውቀዋለች።

«ውረድ!» አለች ገና መልኩ ሳይለይ።

የተዋወቁት ባለፈው ክረምት፣ ውጭ አገር ከምትማርበት ለእረፍት በመጣች ጊዜ ነው። በታንኳው ሲያሻግራት ምን እንደምታጠና ጠየቃት።

«ኤሌክትሮኖችን ሰብስበን በአንዴ እንለቃለን» አለችው። «ግን እርስ በርስ ስለሚገፋፉ መንገድ ላይ ይበታተናሉ። ስለዚህ ፊተኞቹን እናዘገያለን፣ ኋለኞቹን እናፈጥናለን፤ ተጠጋግተው እኩል ይደርሳሉ። ያኔ አተሞች ሲንቀሳቀሱ ማየት እንችላለን። ከተበታተኑ ምስሉ ይደበዝዛል።»

«የኛ ሰፈር ሰርገኛ ነው በይኛ! ፊተኛው በልቶ ሲጨርስ ኋለኛው ገና ልብሱን ይተኩሳል።»

ስቃ ስታበቃ ዓይኑ ዓይኗ ላይ ነበር። ፍቅራቸው ከዚያ ጀመረ።

ዛሬ ግን ተናዳለች። ትናንት ሙሀይሚን የላካቸው ሽማግሌዎች አባቷ ቤት ገብተው፣ «ልጅቷ ትምህርቱን ትታ እዚሁ ሐይቁ ዳር ለመኖር ቃል ገብታለታለች» ብለው ነበር። አባቷ ደስ ብሏቸው «ነገ መልስ ውሰዱ» አሉ። ራዚያ ጓዳ ሆና ሰማች።

«መቼ ነው ትምህርቴን እተወዋለሁ ያልኩህ?»

«ራዚዬ፣ አባትሽ እንዳይመልሷቸው ብዬ እኮ ነው። ከኒካው በኋላ እኔው አስፈቅድልሽ ነበር።»

«ታስፈቅድልኛለህ? የገዛ ትምህርቴን? ወላሂ ንቀኸኛል! ቤተ ሙከራው ውስጥ ሴት ነሽ፣ መሣሪያ አትንኪ እያሉ ያንገላቱኝን ስነግርህ፣ አብረኸኝ የተናደድከው አንተ አልነበርክም?»

ወርዶ ታንኳውን ዳር ላይ አሰረ።

«ዛሬ መልስ ሊወስዱ ሲመጡ፣ ውሸት ነው በላቸው።»

«ሽማግሌ ተልኮ ጠያቂው ራሱ ይሄዳል እንዴ? መሳቂያ ልሆን ነው!»

«በስሜ ሲዋሽስ ነውር አልነበረም?»

ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ሙሀይሚን አባቷ ቤት ገባ። ሽማግሌዎቹ ሲያዩት ክው አሉ።

«ሙሽራው ራሱ ሽማግሌ ሆኖ መጣ!» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባባ ዑበይዱላህ። «እንግዲህ ኒካውንም ራሱ ይሰር!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሙሀይሚን አልተቀመጠም።

«ራዚያ ቃል አልገባችም። እናንተንም አባቷንም የዋሸሁ እኔ ነኝ። ትምህርቷን ልከለክላት አልችልም፤ መፍቀዱም የኔ ፋንታ አይደለም።»

ሳቁ ቆመ። አባቷ ወደ ጓዳው ዞሩ።

«ራዚያ፣ ነይ እስቲ። መማሩን ትማሪያለሽ። ይህን ልጅ ግን ትፈልጊዋለሽ?»

ወጥታ መሀል ቆመች። ሙሀይሚንን ትክ ብላ አየችው። «እወደዋለሁ፤ በስሜ የዋሸን ሰው ግን አላገባም» አለች። ከዚያ ሻርፗን አጠበቀች፣ በሽማግሌዎቹ መካከል አለፈች፣ በሩን ከፍታ ወጣች።