ማነው የነቀለኝ

«እማ... ማነው የነቀለኝ?»

ልጄ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ።

የምነግራችሁ በገዛ ቤቴ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ጨለማ አልነበረም። ቅዳሜ ቀን፣ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ያኔ መጻፍ ስለማልችል በሆዴ ይዤው ኖርኩ። አሁን ፊደል ቆጥሬያለሁ... እንግዲህ አንብቡት።

የምታኖረን የባሌ አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ሞተሯ ሲቃጠል ባሌ ያገለገለ ሞተር ገዛ። ከማን መኪና እንደወጣ አልጠየቀም።

መካኒኩ ግቢያችን ድረስ መጥቶ ገጠመለት። ሞተር ላይ ጆሮውን ደግኖ ስለሚያዳምጥ ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ሞተሩ ሲገባ ትንሿ ልጄ ጋቢናው ውስጥ ተኝታ ነበር። ማንም አልቀሰቀሳትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ተበላሸ።

መኪናዋ ስትሄድም ስትቆምም ጠቋሚው መሃል ላይ ነው። ቁልፉ ወጥቶ እንኳ... መሃል ላይ።

ቅዳሜ ዶክተር ጌጁን ሊያይ ተመልሶ መጣ። ልጄ ትኩሳት ይዟት ቤት ውስጥ ተኝታለች። ጠቋሚው ደግሞ ቀዩ መስመር ላይ ደርሷል።

«ሞተሩ እኮ ቀዝቃዛ ነው» አለ ዶክተር እጁን ጭኖበት። «ይሄ ጌጅ ውሸታም ነው።»

«ካንተ ተምሮ ነዋ» አለው ባሌ። «ነገ ይደርሳል እያልክ ስንቴ ዋሸኸኝ?»

ተሳሳቁ። እኔም በመስኮት እየሰማሁ ሳቅሁ።

ዶክተር ሙቀቱን የሚለካውን ሴንሰር ቀየረው። ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም።

ጨርቅ አርጥቤ የልጄ ግንባር ላይ አደረግሁ። ትኩሳቷ በረድ አለ።

«ወረደ! ምን አደረግከው?» አለ ባሌ ከውጭ።

«አልነካሁትም!»

ጨርቁን አነሳሁ... ግንባሯ መልሶ ጋለ።

«ኧረ ይኸው! ደግሞ ወጣ!»

መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

«ተዉት በቃ... አትነካኩት።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ያስፈራሻል» አለኝ ባሌ።

«የሴንሰሩን ሽቦ ልንቀለው» አለ ዶክተር። «ጌጁ ጤነኛ ከሆነ ጠቋሚው ታች ይወርዳል።»

ነቀለው።

ከኋላዬ የልጄ ትንፋሽ ቆመ።

ዞርኩ። ዓይኗን አፍጥጣ ጣሪያውን ታያለች። እጇን ያዝኩት... ብረት ነው። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ...

ምንም።

«መልሰው! ሽቦውን መልሰው!»

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ዶክተር ወደ መስኮቱ እየመጣ።

«መልሰው አልኩህ!»

ሮጦ ሄደ። ሽቦው ቀጭ ብሎ ሲገባ ሰማሁ።

ልጄ አየር ሳበች። ከንፈሯ ቀላ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና በሹክሹክታ...

«እማ... ማነው የነቀለኝ?»

ዶክተር መስኮቱ ጋ ተመልሶ ቆሞ ነበር። ሰማት። መፍቻዎቹን እንኳ ሳይሰበስብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ዘነበ። ግቢው ሁሉ ሲርስ፣ የመኪናዋ ኮፈን ላይ የሚወድቀው ውሃ ብቻ ወዲያው ይደርቃል። ልጄ ቤት ውስጥ ተኝታለች። ጣሪያው አያፈስም። እሷ ግን በእንቅልፏ፣ በመዳፏ፣ ግንባሯን ደጋግማ ትጠርጋለች።

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ኮፈኑን፣ አንዴ እሷን አየ።

«መኪናዋን እንሽጣትና ልጅቷን ይዘን ከዚህ ቤት እንውጣ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የቷን ልጅ?» አልኩት።



በሳምንቱ ባሌ ልብሱን በፌስታል ይዞ ሄደ። ዛሬ የመኪናዋ ባትሪ ሞቷል፣ ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ነክተዋል። ጠቋሚው ግን መሃል ላይ ነው።

እኔና ልጄ... ከመኪናዋ ጋር ቀረን።